ተቀባይ የሚጠብቀው ኖታ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ በሌሊት በሬ ተንኳኳ ሲባል ሻዬን እየጠጣሁ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ እንዲያውም ኮምቦልቻ ሳለን ጎረቤታችን «ኮርኒሱ ላይ የሚራመድ ነገር አለ» ብላ ሰፈሩን ስታሸብር ወጥቼ ድመቷን ከነልጆቿ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ሴትየዋም ከዚያ በኋላ አኮረፈችኝ እንጂ አላመሰገነችኝም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺም ጀመራት» ለማለት አትቸኩሉ፣ እመኑኝ፣ እኔው ራሴን ደጋግሜ ብየዋለሁ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በሌሊት ነው ይባላል፣ የኔ ግን የመጣው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው እንዳልል ሐምሌ ስለነበር ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም።

መካነ ሰላም የሥዕልና የሙዚቃ መምህርት ነኝ። ሥዕሉን እወደዋለሁ፣ ሙዚቃውን ግን ኮሌጅ ስላስተማሩኝ ነው የማስተምረው፣ ኖታ ሳነብ ፊደል እንደጀመረ ልጅ በጣቴ እየተከተልኩ ነው፣ ይህንን ለተማሪዎቼ እንዳትነግሩብኝ። ክረምት ሲገባ መምህራኑ ሁሉ ወደየአገራቸው ይበተናሉ፣ እኔ ግን ባለፈው ክረምት የትም አልሄድኩም፣ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ ኮምቦልቻ ያለው ቤት ውስጥ አሁን ሌላ ሰው ነው የሚኖረው፣ እና የት ልሂድ። ጉሙ በጠዋት ከዓባይ በኩል እየተነሳ ከተማውን ይሸፍነዋል፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ኮቴውን ትሰማላችሁ እንጂ መልኩን አታዩትም። ከማንም ጋር ሳልነጋገር የማመሽባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ ቀን ሱቅ ሄጄ «ሳሙና» ስል ድምፄ ሻክሮ ወጣና ባለሱቁ «ጉንፋን ነው?» አለኝ፣ ጉንፋን አይደለም፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ስለሆነ ነው፣ ግን ይኼ ለባለሱቅ አይነገርም፣ «አዎ፣ ጉንፋን ይዞኛል» ብዬው ሳሙናዬን ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ጌጤ ወደ ትምህርት ቤት የመጡት በዚያው ሰሞን፣ ዓርብ ዕለት ነው። የመምህር ሽመልስ ባለቤት ናቸው፣ መምህር ሽመልስ ማለት ከኔ በፊት እዚሁ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን ሙዚቃ ያስተማሩ፣ አኮርዲዮን የሚጫወቱ ሰው ነበሩ፣ እኔ አልደረስኩባቸውም፣ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እትዬ ጌጤ በዝናብ ካፖርት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ኖታ የምታነቢ አንች ነሽ ልጄ?»

«እሞክራለሁ እትዬ፣ ይግቡ፣ ዝናብ ነው።»

ከፌስታሉ ውስጥ ቀጭን ደብተር አወጡ፣ የሙዚቃ ደብተር፣ በእጅ የተጻፈ ሳይሆን መምህር ሽመልስ አዲስ አበባ ካለ ወዳጃቸው ዘንድ ልከው በኮምፒውተር አስጽፈው ያሳተሙት። አሥራ ሁለት ዜማ አለው፣ አሥራ አንዱ ለተማሪዎች የደረሷቸው ናቸው፣ ርዕስም ግጥምም አላቸው። አሥራ ሁለተኛው ግን ኖታ ብቻ ነው፣ ርዕስ የለው፣ ግጥም የለው።

«አሥራ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ቤት ውስጥ አብረን ነው ስናንጎራጉር የኖርን» አሉኝ። «ይኸን ግን አላስተማሩኝም። ደብተሩ ታትሞ ሲመጣ መምህር አልጋ ላይ ናቸው። ደሴ ሊያሳክሟቸው መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ‹የመጨረሻይቱ ያንች ናት፣ ስመለስ አስተምርሻለሁ› አሉኝ። የተመለሰው ሬሳቸው ነው።»

ምን ይባላል፣ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«እንግዲህ ሰኞ ልጄ አዲስ አበባ ትወስደኛለች፣ ኸንግዲህ ወዲያ አልመለስም፣ ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል። ኸዚህ አገር ሳልወጣ መምህር ምን እንዳሉኝ ልስማው። ሰይድ በኮምፒውተር ትጭነዋለች ብሎኛል፣ በስልኬ አድርጊልኝ፣ እዚያም ሆኜ ልሰማው።» የስልካቸውን ሚሞሪ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል፣ ወረቀቱን እጄ ላይ አድርገው ጣቶቼን በሁለት እጃቸው አጠፉልኝ።

ሰይድ የአይሲቲ መምህራችን ነው፣ የደጎሎ ልጅ፣ በዚያ ክረምት የቀረነው እኔና እሱ ነን፣ እሱም ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳል። የታተመ ኖታ እያነበበ የሚያጫውት ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ የጫነልኝ እሱ ነው። ገጹን ስካን ታደርጉታላችሁ፣ ፕሮግራሙ ኖታዎቹን አንድ በአንድ ይለቅምና ስክሪኑ ላይ ይጽፋቸዋል፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ታርማላችሁ፣ ስታጫውቱት ደግሞ አንዲት ሰማያዊ መስመር ኖታዎቹን እየተከተለች ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። መቼም ሞኝነቱ አይጣል ነው፣ የዝንብ ኩስ ሲያይ ኖታ ነው ብሎ ይጽፋል፣ የቡና ጠብታ ሲያይ ደግሞ ትልቅ ኖታ ነው ይላል፣ እና ካነበበ በኋላ ቁጭ ብሎ መልቀም ነው።

ዓርብና ቅዳሜ መብራት አልነበረም። እሁድ ከሰዓት መጣ፣ ላፕቶፔን ይዤ ወደ አይሲቲ ክፍል ሮጥኩ፣ ሰይድ ቁልፉን ትቶልኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። አሥራ ሁለተኛዋን ገጽ ስካነሩ ላይ አስተኛኋት፣ አነበባት፣ ደግሞም በጥራት አነበባት፣ የሚለቀም አንድም የዝንብ ኩስ አልነበረም። ድምፁን አኮርዲዮን አደረግኩት። ቅኝቱ አምባሰል ነው፣ ቀስ የሚል፣ ስምንት ባር ይሄድና ያቆማል፣ ባር ማለት ኖታው በቁም መስመር የሚከፈልበት ክፍል ነው፣ ከዚያ አራት ባር ሙሉ ባዶ ነው፣ የእረፍት ምልክት ብቻ። እንደገና ስምንት ይሄዳል፣ እንደገና አራት ባዶ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ብሎ ያልቃል።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ያንን ባዶ ሳየው ያሰብኩት እትዬ ጌጤን ነው፣ አሮጊት ናቸው፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ዝም ሲልባቸው ስልኩ ተበላሸ ብለው ይዘጉታል፣ አዲስ አበባ ሆነው «ልጅቷ ግማሹን ነው የሰጠችኝ» ይላሉ። ስለዚህ ባዶዎቹን ቆርጬ ጣልኳቸውና ዜማውን አገናኘሁት። በደንብ ሆነልኝ ብዬ አስቀመጥኩት፣ ዘጋሁት፣ ለማረጋገጥ ከፈትኩት፣ ባዶዎቹ ተመልሰዋል።

ሴቭ አላደረግኩም ይሆናል አልኩ። ድጋሚ ቆረጥኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ጮክ ብዬም «ሴቭ አድርጌያለሁ» አልኩ፣ ምስክር የሚሆነኝ ሰው ያለ ይመስል። ስከፍተው ተመልሰዋል። በሦስተኛው ተናደድኩና «በል እንግዲህ እንደፈለግክ» ብዬ እንዳለ አጫወትኩት።

ስምንቱ ባር ሄደ። ሰማያዊዋ መስመር ባዶው ላይ ደረሰችና ቆመች።

ቆመች ስላችሁ፣ ባዶውን እየቆጠረች አለፈች ማለቴ አይደለም፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ላፕቶፑ ደርቆ ይሆናል ብዬ ማውሱን አንቀሳቀስኩ፣ ይንቀሳቀሳል። ከታች ያለችው የሰከንድ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆማለች። ጠረጴዛውን በእጄ መታ መታ አደረግኩት፣ ምንም። አጨበጨብኩ፣ ምንም። ሳልኩ፣ ምንም። እንደው ዝም ብዬ ሳያት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እናቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉራት አንዲት ነገር ነበረች፣ ቃል የሌላት፣ እሷ በአፌ መጣች፣ «እምምም…» ስል መስመሯ ተነሳችና መሄድ ጀመረች። እኔ ሳቆም ቆመች። ስቀጥል ቀጠለች። አራቱን ባር እንዲህ አብረን ከጨረስን በኋላ አኮርዲዮኑ ተቀብሎኝ ሁለተኛውን ጀመረ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሁለተኛው ባዶ ላይ ስትደርስ አፌን ዘግቼ፣ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ፣ እስቲ ማን ይሰለቸዋል አልኩ። ቆይቶ ከስፒከሩ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ዘፈኑን አቁሞ ሲጠብቅ ያ የሚተጣጠፈው ሆዱ ቀስ ብሎ አየር ያወጣል፣ ያንን የሚመስል፣ «ህህህ…» የሚል፣ ከዚያ ወንበር ሲጢጥ የማለት ድምፅ፣ አንድ ሰው አቀማመጡን ሲያስተካክል እንደሚሰማው። ወንበሩ ከስፒከሩ ውስጥ ይሁን ከኋላዬ፣ ዛሬም ቢሆን በእግዜር ስም ብታስምሉኝ አላውቅም፣ ዞሬ አላየሁማ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው፣ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ተቀባይ ከሌለ አውጪው ወደፊት አይሄድም፣ ይህንን ሠርግ ቤት ያደገ ሕፃን ያውቀዋል፣ እኔ ሙዚቃ አስተማሪዋ ነኝ ያልታየኝ። መምህር ሽመልስ ያንን ቦታ የተዉት ለሚስታቸው ነው። «ያንች ናት» ያሉት ለዚህ ነው። እና እዚህ ላይ ላፕቶፑን መዝጋት ነበረብኝ፣ አይደል? አልዘጋሁም። ሁለተኛውን ተቀበልኩ። ሦስተኛውንም፣ የማን ቦታ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሙሉ ድምፄ ተቀበልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼም ደስ ብሎኝ ነበር፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ እኔ እስክናገር ብሎ ሥራውን አቁሞ የጠበቀኝ ማንም አልነበረም።

ዘፈኑ አለቀ። ተጣድፌ ወደ ድምፅ ቀየርኩት፣ ሚሞሪዋ ላይ ጫንኩት፣ ሳልሰማው ነው የጫንኩት፣ ወዲያው መብራቱ ሄደ። በሩን ቆልፌ፣ ደብተሩንና ሚሞሪዋን ይዤ፣ በጉሙ ውስጥ ወደ እትዬ ጌጤ ቤት ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ቤቱ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ ዕቃው በማዳበሪያ ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል፣ ልጃቸው ለአውቶብሱ ትኬት ወጥታለች። እትዬ ጌጤ ሚሞሪዋን ስልካቸው ውስጥ ከትቼ ስሰጣቸው መጀመሪያ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀና ብለው ተቀመጡ። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ከሁለተኛው ባር ጀምሮ እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም፣ ራሳቸውን ብቻ ቀስ ቀስ ያወዛውዛሉ። ስምንቱ ባር አልቆ ባዶው ሲመጣ ማንም ሳይነግራቸው ዐወቁት፣ አየር ሳቡ፣ ሊቀበሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ቀደመቻቸው።

«እምምም…» የምትለው፣ የናቴን ነገር የምታንጎራጉረው፣ እኔ ነኝ። እትዬ ጌጤ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሁለተኛው መጣ፣ እኔው ነኝ። ሦስተኛው መጣ፣ እኔው ነኝ፣ ደግሞ እንዴት ደስ እንዳለኝ ያስታውቃል፣ ከዚያ ሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

«ይች ማን ናት?» አሉ ሲያልቅ።

«ፕሮግራሙ ነው፣ እትዬ፣ ባዶ ሲያገኝ ራሱ ይሞላዋል።»

«ኮምፒውተር ድምፁ ይሻክራል እንዴ?»

እንደገና እሠራዋለሁ፣ ያቺን ድምፅ አወጣታለሁ፣ ዛሬውኑ አመጣዋለሁ አልኩ፣ ለመንኩ ነው የሚባለው። እሳቸው ሚሞሪዋን ከስልኩ አውጥተው ደብተሩ ላይ አድርገው ወደኔ ገፉት።

«አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም» አሉኝ፣ ሲሉኝ ግን አላዩኝም። «ዘፈን የተቀበለ አውጪውን ትቶ አይነሳም፣ ወግ ነው። ጀምረሽዋል።»

«አልቋል እኮ፣ እትዬ፣ ሦስት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሦስት ብቻ ነው።»

«መምህር ጥበቃ አይወዱም፣ ይጨንቃቸዋል» አሉ እኔ ያልኩትን እንዳልሰሙ። «ብቻቸውን እንዳትተያቸው።»

ማታውኑ በቀረኝ ባትሪ ድጋሚ ወደ ድምፅ ቀየርኩት፣ አፌን በእጄ ይዤ። ስሰማው እኔ አለሁበት፣ እንዲያውም ከበፊቱ ቀርቤ። ሰኞ ንጋት አውቶብሱ ክላክስ ሲያደርግ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፣ መናኸሪያ ሄጄ አልሸኘኋቸውም፣ ምን ይዤ ልሂድ?

ሰይድ ከደጎሎ ሲመለስ፣ ነገሩን ሳልነግረው፣ «ይኼ ፕሮግራም ድምፅ ይቀዳል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኖታ ነው የሚያነበው እንጂ በምኑ ይቀዳል» አለኝ።

«በላፕቶፑ ማይክ ነዋ።»

«የትኛው ማይክ? የዛሬ ዓመት ተበላሽቶ እየጮኸ ሲያስቸግርሽ ራሴ አይደለሁ እንዴ የነቀልኩልሽ? ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ሰው ጋ ውጪ፣ ብቻሽን መዋል አበዛሽ።»

ፋይሉን ከፍቶ አጫወተው። ለሱ አልቆመችም፣ ሰማያዊዋ መስመር ባዶዎቹን አንድ ሁለት እያለች ቆጥራ አለፈች፣ ዜማው አለቀ፣ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» አለኝ። ምንም አልሆነም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ለትምህርት ዕቅድና ለፈተና ብቻ ነው የምከፍተው፣ ያንን ፋይል አልነካሁትም፣ አላጠፋሁትምም፣ ለማጥፋት ጣቴን አስጠግቼ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ትምህርት ተከፍቶ ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስልኬ ጠራ፣ የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ጌጤ ነኝ።»

ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ፣ ስለ ጤናቸው ጠየቅኩ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ አዲስ አበባን ለመዱት ወይ አልኩ፣ ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አሉኝ፣ ክርስቲያን ናቸው ግን ወሎ አይደለን። ከዚያ ጠየቁኝ።

«መምህርን ትቀበያቸዋለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ተቀብያቸዋለሁ።»

«ውሸትሽን ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣ በጣም እንደደከመው ሰው። «ዛሬ ኸጠዋት ጀምሮ እዚህ አጠገቤ ተቀምጠው ሲጠብቁ ነው የዋሉ። ልቀበላቸው ሞከርኩ፣ አሥራ አንዱንም ዜማ ሞከርኩላቸው። እኔ ስቀበላቸው አይቀጥሉልኝም። ያንችን ድምፅ ነው የሚፈልጉ።»

ስልኩ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ይሁን እሳቸው ይዝጉት አላወቅኩም፣ ደግሜ ስደውል አይነሳም። የእትዬ ጌጤ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ ያ ሁሉ ዓመት ጠብቀው፣ እኔ ለግማሽ ሰዓት ብቸኝነቴ ብዬ ባላቸውን ቀማኋቸው ማለት ነው? ይኼ የሚታመን ነገር ነው? ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ፋይሉን ከፈትኩ። አኮርዲዮኑ ስምንት ባሩን ሄዶ አቆመ፣ ሰማያዊዋ መስመር ባዶው ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ለእትዬ ጌጤ ብዬ ነው፣ ሰውየው እሳቸውን አስጨንቀው እንዳይውሉ ብዬ ነው እያልኩ አፌን ከፈትኩና ተቀበልኩ። ውሸቴን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት ነው፣ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተቀበልኩ ግን አልቆጠርኩትም፣ ቀና ስል መስኮቱ ጨልሟል።